ካለመኖር ወደ መኖር፦ ፊዚክስ እስከ የት ድረስ ይሄዳል?

ጅማ ውስጥ ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር ጨዋታ ሲነሳ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በአንድ መልክ ይመጣል፦ «ሳይንቲስቶች ሁሉም ነገር ከምንም ፈንድቶ ወጣ ይላሉ። ምንም እንዴት ይፈነዳል?» ጠያቂው ልክ ነው፤ ምንም አይፈነዳም። ስህተቱ ያለው ሳይንስ እንዲህ ይላል በተባለው ላይ ነው። የቢግ ባንግ ንድፈ ሐሳብ ስለ ፍንዳታ አያወራም፤ ነገሩ ከምንም ተነሳ ብሎም አያስተምርም። የሚለው ይህን ነው፦ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዛሬ የምናየው ጠፈር በሙሉ እጅግ የታፈገና የጋለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋና እየቀዘቀዘ መጣ። ያ የጋለ ሁኔታ ራሱ ከየት መጣ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ለእሱ የተሰጡት መልሶች ሌሎች ናቸው፤ የማስረጃቸው ጥንካሬም ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያስረዳ ሰው አድማጩን ሳይጠቅም ይቀራል፤ ስለዚህ እዚህ ለያይተን እንሄዳለን።

መስፋቱ እንዴት ታወቀ

ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ፈለክ ባለሙያ በ1912 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ በሚል ኮከቦች ላይ አንድ ሕግ አገኘች። ደምቆ ደብዝዞ እንደገና ለመድመቅ ረዥም ጊዜ የሚወስድበት ኮከብ በተፈጥሮው የሚያወጣው ብርሃንም ብዙ ነው። እንግዲህ የኮከቡን ዙር በቀን ቆጥሮ ትክክለኛ ብርሃኑን ማወቅ፣ ያንን ለእኛ ከሚታየው ድምቀት ጋር አስተያይቶ ርቀቱን ማስላት ተቻለ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ሌሜትር በ1927፣ ኤድዊን ሀብል ደግሞ በ1929 የጋላክሲዎችን ርቀትና ፍጥነት ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንድ ነገር ወጣ፦ ጋላክሲው እጥፍ ከራቀ የሚሸሽበት ፍጥነትም እጥፍ ይሆናል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ እናስብ። ሰኮሩ ከጅማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ወልቂጤ ወደ 190፣ አዲስ አበባ ወደ 350 ትርቃለች እንበል። መሬቱ ራሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በየቦታው እኩል 10 በመቶ ቢለጠጥ ሰኮሩ 110፣ ወልቂጤ 209፣ አዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። ጅማ ላይ ለቆመ ሰው ሰኮሩ በሰዓት 10፣ ወልቂጤ 19፣ አዲስ አበባ 35 ኪሎ ሜትር ሸሸች ማለት ነው። አንዷም ከተማ ግን ከተተከለችበት መሬት አልተነቀለችም። ወልቂጤ ላይ የቆመውም ሰው ጅማ በ19፣ አዲስ አበባ (ከ160 ወደ 176) በ16 ኪሎ ሜትር ስትሸሸው ያያል። ሁሉም ራሱን መሐል ላይ ያለ ይመስለዋል፤ መሐል የሚባል ቦታ ግን የለም። ቢግ ባንግ የት ተጀመረ ለሚለው መልሱ ከዚህ ይወጣል፦ በሁሉም ቦታ፤ አሁን ጅማ ያለችበት ጭምር።

የዕድሜውን ስሌት በስልክ ካልኩሌተር መሥራት ይቻላል። የመስፋቱ መጠን በእያንዳንዱ ሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት) ርቀት በሴኮንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜጋፓርሴክ ወደ 31 ቢሊዮን ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ለ70 ስናካፍል 441 ሚሊዮን ቢሊዮን ሴኮንድ ግድም ይወጣል። አንድ ዓመት 31.6 ሚሊዮን ሴኮንድ ያህል ስለሆነ በዚያ እናካፍለው፤ 14 ቢሊዮን ዓመት። መስፋቱ መጀመሪያ እየዘገየ፣ በኋላ ደግሞ እየፈጠነ ስለመጣ ትንሽ እርማት ይፈልጋል፤ ያ ሲደረግ 13.8 ገደማ ይሆናል።

ሀብል ራሱ ያገኘው ቁጥር 70 ሳይሆን 500 ነበር። በ500 ስናካፍል 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ከምድር ዕድሜ ያነሰ ስለሆነ ሊሆን አይችልም። ስህተቱ በከፊል የተፈጠረው ሁለት ዓይነት ተለዋዋጭ ኮከቦች እንደ አንድ በመቆጠራቸው ነው። ዋልተር ባደ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለይቶ ሲያስቀምጣቸው የጋላክሲዎቹ ርቀት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ዛሬም ያልተፈታ ነገር አለ፦ ከጋለው ዘመን ከቀረው ጥንታዊ ብርሃን (ዝቅ ብለን እንመጣበታለን) የሚሰላው መጠን 67 ግድም፣ በኮከቦች የሚለካው 73 ግድም ነው። ልዩነቱ የመለኪያ ስህተት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። መስፋቱ በስበት ወይም በአቶሞች መሐል ባለው ኃይል የታሰሩ ነገሮችን አይለጥጥም፤ ሰውነታችን፣ ምድር፣ የፀሐይ ቤተሰብ፣ ጋላክሲያችን አይሰፉም። ጎረቤታችን አንድሮሜዳ ጋላክሲ እንዲያውም ወደ እኛ እየቀረበች ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ኅዳር 6 ግድም ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማው መብራት ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ከአድማስ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ሊያገኛት ይችላል። የደበዘዘች ሞላላ ጉም ትመስላለች። ትክ ብሎ ሲያዩዋት ትጠፋለች፤ ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ ማየት ይሻላል፤ የዓይናችን ደብዛዛ ብርሃን የሚለየው ክፍል ከመሐሉ ወጣ ብሎ ነውና። የምናየው ብርሃን ከእሷ የተነሳው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሒሳብ

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በእኛ ዕይታ ግን ስለ ጋለው ጅምር ከሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነው።

ጽንፈ ዓለም አንድ ሴኮንድ ሲሞላው ሙቀቱ 10 ቢሊዮን ዲግሪ ግድም ነበር። እስከዚያ ድረስ የአቶም እምብርት (ኒውክለስ) የሚሠራባቸው ቅንጣቶች፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ አንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጡ ነበር። ኒውትሮን በክብደት ትንሽ ስለሚበልጥ እሱን ለመሥራት የሚጠይቀው ኢነርጂም ይበልጣል፤ ሙቀቱ እየወረደ ሲሄድ ቁጥሩ አነሰ። ልውውጡ ሲቆም ለ6 ፕሮቶን አንድ ኒውትሮን ቀረ። ብቻውን ያለ ኒውትሮን ደግሞ አይበረክትም፤ አማካይ ዕድሜው 880 ሴኮንድ ገደማ ነው። የሚድነው ሂሊየም ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። ሂሊየም ለመሥራት በቅድሚያ ዲዩትሪየም፣ ማለትም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተጣበቁበት ቅንጣት፣ መኖር አለበት፤ ችግሩ እሱ በቀላሉ የሚሰበር መሆኑ ነው። ለአንድ ፕሮቶን ከቢሊዮን በላይ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ስለነበረ ሙቀቱ ወደ 1 ቢሊዮን ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ዲዩትሪየም እንደተሠራ ወዲያው ይሰበር ነበር። ይህ መጠባበቅ ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። በዚያ መሐል ከኒውትሮኖቹ የተወሰኑት ፈርሰው ንጽጽሩ አንድ ለ7 ሆነ።

አሁን እንቁጠር። 2 ኒውትሮን ካለ 14 ፕሮቶን አለ፤ ድምሩ 16። አንድ ሂሊየም 2 ኒውትሮንና 2 ፕሮቶን ይወስዳል። ስለዚህ ከ16ቱ 4ቱ ሂሊየም ውስጥ ይገባሉ፣ 12 ፕሮቶን ሃይድሮጅን ሆኖ ይቀራል። 4 ለ16 ሩብ ነው፤ በክብደት 25 በመቶ ሂሊየም ማለት ነው። ኮከቦች ብዙም ያልነካኩት ጥንታዊ ጋዝ ሲለካ የሚገኘው ሂሊየም ከ24 እስከ 25 በመቶ ነው። ኮከቦች ብቻቸውን ይህን ያህል ሂሊየም በዚህ ዕድሜ ሠርተው ሊጨርሱ አይችሉም። ያልገጠመም አለ፦ በአሮጌ ኮከቦች ላይ የሚታየው ሊቲየም ስሌቱ ከሚሰጠው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከ380,000 ዓመት በኋላ ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ወርዶ ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሶች ጋር ተጣመሩ፤ ብርሃንም ሳይደናቀፍ መጓዝ ጀመረ። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1964 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በራዲዮ አንቴና በ7.35 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ሲያዳምጡ ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ ድምፅ አስቸገራቸው። እርግቦቹን ከአንቴናው አባረሩ፣ ኩሳቸውን ጠረጉ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። የጥንቱ ብርሃን ነበር፤ ዛሬ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከሙቀት ሁሉ ዝቅተኛው ወሰን፣ 2.7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይለካል። ኖቤል ሽልማቱን በ1978 ተቀበሉ። በድሮው የአንቴና ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ ከሚንጫጫው ነጭ ነጥብ ከመቶ አንድ ያህሉ ይኸው ብርሃን ነበር።

ይህ ሁሉ የጸና ነው። ከዚህ በኋላ መሬቱ ይሳሳል።

አንዲት ሜትር ኩብ እናራቁት

«ምንም» ስንል ምን ምን እንደወጣ መናገር አለብን፤ ካልተናገርን ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ የሚይዝ ወፍራም የብረት ሣጥን ጅማ ላይ እንዝጋ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ወደ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢሆን 1.2 ይሆን ነበር። በእያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ኩብ ወደ 20 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውል አለ።

መጀመሪያ አየሩን በፓምፕ እናወጣለን። እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው በቀዳዳ የሚገባው አየር ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ የያዘውን ውኃና ጋዝ ቀስ እያለ ይለቃል። ለዚህ ሲባል በላቦራቶሪዎች ዕቃው ከ150 ዲግሪ በላይ ለቀናት ይጋገራል፤ ፓምፑም አይቆምም። እንዲያም ሆኖ ዕቃው በክፍል ሙቀት ላይ እስካለ ድረስ በምርጥ ላቦራቶሪ እንኳ በአንዲት ሴንቲ ሜትር ኩብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ይቀራሉ። ይሁን፣ አንድ ሳይቀር ወጡ እንበል።

ሣጥኑ ገና ሙሉ ነው። የብረቱ ግድግዳ በ20 ዲግሪ ሙቀት በዓይን የማይታይ ብርሃን ያወጣል፤ በሴንቲ ሜትር ኩብ 500 ሚሊዮን ያህል ፎቶን ማለት ነው። ይህን ለማጥፋት ግድግዳውን እስከ ፍጹም ዜሮ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ የሙቀት ሕግ ደግሞ እዚያ መድረስ እንደማይቻል ይናገራል። ደረስን እንበል። ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች በአንዲት ሴንቲ ሜትር ካሬ በሴኮንድ 60 ቢሊዮን ያህል ሆነው ያልፋሉ፤ የሚያቆማቸው ግድግዳ የለም። የምድርንም ስበት የሚከልል ነገር የለም። እነሱንም በሐሳብ እናውጣ።

አሁን ቅንጣት የለም፣ ብርሃን የለም። የሚቀረው መስክ ነው፤ በጠፈር ሁሉ የተዘረጉት ኤሌክትሮማግኔታዊው መስክና ሌሎቹ። በኳንተም ሜካኒክስ ሕግ የአንድ መስክ መጠንና የመለዋወጡ ፍጥነት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፍጹም ዜሮ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ዝቅተኛው ሁኔታ እንኳ የራሱ መርገብገብ አለው። ሄንድሪክ ካዚሚር በ1948 ሁለት የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው የብረት ሰሌዳዎች በባዶ ውስጥ ቢቀራረቡ እርስ በርስ እንደሚሳሳቡ አሰላ፤ ስቲቭ ላሞሮ በ1997 በጥሩ ትክክለኝነት ለካው። ሰሌዳዎቹ የሺኛ ሚሊ ሜትር ሲራራቁ ግፊቱ 1.3 ሚሊፓስካል፣ ከምንም የማይቆጠር ነው። ግን ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ 16 እጥፍ ይጨምራል፤ በ10 ናኖ ሜትር፣ ብረቱ ፍጹም አስተላላፊ ቢሆን፣ ከጅማ የአየር ግፊት ይበልጥ ነበር።

«ከባዶ ነገር ይወጣል» የሚባለው ዝነኛ አባባል የሚቆመው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ባዶው ግን ጠፈር አለው፣ ጊዜ አለው፣ መስክ አለው፣ የሚታዘዘው ሕግም አለው። ከዚህ የሚወጣ ቅንጣት ከምንም ወጣ ማለት ትክክል አይደለም፤ ይህን አጥብቀን የምንለው ብዙ ቪዲዮ አንዱን በሌላው ቦታ ስለሚተካ ነው።

ይህን ያህል ቁስ ኢነርጂውን ከየት አገኘ?

የፊዚክስ ባለሙያው ኤድዋርድ ትራየን በ1973 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የጽንፈ ዓለም ጠቅላላ ኢነርጂ ዜሮ ሊሆን ይችላል። እንዴት? አንድ ኪሎ ግራም ድንጋይ ከምድር ስበት ፈጽሞ ለማውጣት 62.5 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። ርቆ ከሄደ በኋላ የስበት ኢነርጂው ዜሮ ነው ካልን፣ መሬት ላይ እያለ 62.5 ሚሊዮን ከዜሮ በታች ነበር ማለት ነው። የስበት ኢነርጂ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ከዜሮ በታች ይሆናል። በጠቅላላው ሲደመር የቁሱን አዎንታዊ ኢነርጂ የስበቱ አሉታዊ ኢነርጂ ሊያጣፋው ይችላል።

ይህ ሐሳብ ያምራል፤ ሆኖም ሁለት ገደብ አለበት። አንደኛ፣ በአጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ማለትም በአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ የጠቅላላው ጽንፈ ዓለም ኢነርጂ በአንድ ቁጥር የሚገለጽበት ሁልጊዜ የሚሠራ ትርጉም የለም፤ ማንም ለክቶት ዜሮ አላገኘም። ሁለተኛ፣ ድምሩ ዜሮ መሆኑ የኢነርጂ ሕግ እንዳይጣስ ይጠብቃል እንጂ ነገሩ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ትራየን የተነሳው አስቀድሞ ከነበረ ባዶ ጠፈር ነው።

አንድ እርምጃ የሄደው አሌክሳንደር ቪሌንኪን ነው። በ1982 ጠፈሩንም ጊዜውንም አውጥቶ፣ መጠኑ ዜሮ ከሆነ ሁኔታ አንዲት እጅግ ትንሽ ዝግ ጽንፈ ዓለም በኳንተም ሕግ ብቅ የምትልበትን ዕድል አሰላ። ብቅ ካለች በኋላ እጅግ ፈጣን መስፋት ይረከባታል፤ ይህን መስፋት አለን ጉት በ1981 ያቀረበው ነው። ጄምስ ሃርትልና ስቲቨን ሆኪንግ በ1983 ጊዜ መነሻ ጠርዝ የሌለው አድርገው ሌላ ስሌት አቀረቡ። ሁለቱም ሥራዎች በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው፤ እስካሁን ግን አንዱን ከሌላው የሚለይ መለኪያ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሌቱ እንዲሠራ የኳንተም ሕጉ አስቀድሞ መቆም አለበት። ጠፈር ወጣ፣ ጊዜ ወጣ፣ ሕግ ቀረ።

ሕጉንም ብናወጣስ? ያኔ ፊዚክስ የሚይዘው ነገር አይኖረውም፤ ሕግ በሌለበት የሚሰላ ዕድል የለምና። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ሰው «ካለመኖር ወደ መኖር» ሲል የሚያነሳው ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ነው። ቢግ ባንግን ለእምነቱ ማረጋገጫ የሚያደርገውም፣ እምነትን ማፍረሻ የሚያደርገውም ንድፈ ሐሳቡ ያልነካውን ደረጃ እየጠቀሰ ነው። ሌሜትር ራሱ የካቶሊክ ካህን ነበር፤ በ1951 ፖፕ ፒዮስ 12ኛ ግኝቱን ከፍጥረት ቃል ጋር ሲያያይዙት አልወደደውም። ለእኛ ትክክለኛ አቋም የሚመስለን የእሱ ነው።

«ከዚያ በፊት ምን ነበር?» ለሚለውም አንድ የተረጋገጠ ሒሳብ አለ። ቦርድ፣ ጉትና ቪሌንኪን በ2003 እንዳሳዩት በአማካይ እየሰፋ የኖረ ጽንፈ ዓለም መስፋቱን ወደ ኋላ ያለ ገደብ ሊቀጥል አይችልም። ይህ የሚያረጋግጠው መስፋቱ መነሻ እንዳለው ነው፤ ከመስፋቱ በፊት ሌላ ዓይነት ሁኔታ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው መልስ አይሰጥም።

ምን እየተለካ ነው?

ፈጣኑ መስፋት በእርግጥ ከነበረ የስበት ሞገድ መተው ነበረበት፤ ሞገዱ ደግሞ በጥንቱ ብርሃን ላይ የተጠማዘዘ የፖላራይዜሽን (የብርሃን ሞገድ የሚርገበገብበት አቅጣጫ) ምልክት ያትማል። በመጋቢት 2014 ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው ባይሴፕ 2 ቴሌስኮፕ ምልክቱን አገኘሁ አለ። በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ሳተላይት መረጃ ጋር ሲተያይ ምልክቱ በአብዛኛው የጋላክሲያችን አቧራ ሆኖ ተገኘ። ስህተቱ የመጣው ቴሌስኮፑ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ስለለካ ነው፤ አቧራ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ይደምቃል፣ የጥንቱ ብርሃን ግን በሌላ መንገድ ይለዋወጣል፤ ሁለቱን ለመለየት በብዙ ፍሪኩዌንሲ መለካት ግድ ነው። አሁን እንዲሁ ይሠራል። መሣሪያዎቹ ደቡብ ዋልታና የቺሊ አታካማ በረሃ ላይ የተተከሉት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው፤ የውኃ ተን ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ዓመቱን ግማሽ ደመና የማይለየው የጅማ ሰማይ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በደቡብ ዋልታ ያሉት ቴሌስኮፖች በ2021 ባወጡት ውጤት የስበት ሞገዱ ከቁሱ መዛባት ጋር ሲነጻጸር ከ3.6 በመቶ ሊበልጥ እንደማይችል አሳዩ። ይህ ብቻውን በርካታ ቀላል የፈጣን መስፋት ሞዴሎችን ከጨዋታ አውጥቷል፤ በአታካማ በ5,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት አዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ ይህን ወሰን ከዚያም ዝቅ ለማድረግ እየለኩ ናቸው።